ከውሃ የወጣ ዕቃ እጃችሁ ሲገባ፦ ከቸርችል ጎዳና እስከ አምስት ኪሎ

"ባሕር የለንም፤ የባሕር ሕግ ምን ያደርግልናል?" ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ ስጠጣ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት። እውነት ነው፣ ባሕር የለንም። የባሕር ዕቃ ግን አዲስ አበባ ይገባል። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ዛጎል የለበሰ የነሐስ ቁራጭ ጭኖ ይመጣል። በውጭ መርከብ የሚሠራ ልጅ ለእናቱ "ከባሕር የወጣ ማሰሮ" በሻንጣ ይዞ ይገባል። ከሐይቅ ዳር የመጣ ደግሞ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች አንዱን "ትገዛኛለህ?" ይላል። ያልተሸጠው ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ ወይም ቆራሌው በኪሎ ይወስደዋል።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ዕቃ እጁ ለገባ ሰው ነው። ለባለ ሱቅ፣ ለመርከበኛ ቤተሰብ፣ ይህ ጉዳይ ቢሮው ለመጣበት ጀማሪ ጠበቃም ይሆናል።

አንደኛ፦ አትጠቡት፣ አታድርቁት

ከሕጉ በፊት ባልዲው ይቀድማል። ይህን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ከሐይቅ በዓሣ መረብ የወጣ የተጠረበ እንጨት አመጣልኝ። ሁለት ቀዳዳ አለው፣ እርጥብ ነው፣ ይከብዳል። ደስ ብሎኝ በኦሞ አጠብኩት። ከዚያ በረንዳ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጣመመ፣ ተሰነጣጠቀ፣ እንደ ድርቆሽ በእጅ የሚፈረፈር ሆነ። የጀልባ አካል ይሁን የበር መቃን፣ አሁን ማንም አይቶ ሊለየው አይችልም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ለረጅም ዘመን ውሃ ውስጥ የኖረ እንጨት ውስጡ ተበልቷል። ቅርጹን ይዞ ያቆመው ውሃው ነው። ውሃው ሲተን ይሟሽሻል። ስዊድኖች በ1628 እ.ኤ.አ. የሰመጠውን ቫሳ የተባለ የጦር መርከብ በ1961 ሲያወጡት፣ እንዳይደርቅባቸው ለ17 ዓመት ያህል ልዩ ኬሚካል ሲረጩበት ኖሩ። እነሱ 17 ዓመት የታገሉለትን ነገር እኔ በሁለት ሳምንት በረንዳዬ ላይ ጨረስኩት።

ሸክላም ሌላ ጣጣ አለው። የባሕር ጨው ውስጡ ገብቷል። ሲደርቅ ጨው ድንጋይ ሆኖ ያብጥና ፊቱን እየላጠ ይጥለዋል። ብረት ደግሞ ጨው እንደያዘ አየር ካገኘ ዝገቱ ይጣደፋል።

ስለዚህ ክዳን ያለው ባልዲ ፈልጉ። ከባሕር የወጣውን በባሕር ውሃ፣ ያ ከሌለ በንጹሕ ውሃ አጥልቁት። የሐይቅ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ይበቃል። ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ለእሱ አንድ ጀሪካን ለይታችሁ ያዙ። እንጨትና ብረት አንድ ባልዲ ውስጥ አትክተቱ። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የድስት ሽቦ አይነካውም። ኮካ የዛገ ብሎን እንደሚያላቅቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህ ግን አይሠራም። አስቀድሞ ደርቆ የመጣ ከሆነ መልሳችሁ አትዘፍዝፉት፣ ባለበት ተዉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዕቃው የጥይት ወይም የቦምብ ቅርጽ ካለው አታንቀሳቅሱት። ከቤት ውጡና ፖሊስ ጥሩ። የጦር መርከብ ስብርባሪ ውስጥ ያለ ፈንጂ ውሃ ስለነካው ብቻ አይሞትም።

ፎቶ አንሱ። ጎኑ ላይ ማስመሪያ ወይም ስክሪፕቶ አስቀምጡ፣ መጠኑ እንዲታይ። ከአራቱም ጎን፣ ከላይና ከታች። ጽሑፍ ወይም ማኅተም ካለው በቅርበት። ፌስቡክ ላይ ግን አትለጥፉት፤ ደላላ ከባለሙያ ቀድሞ ይደርሳል።

ሁለተኛ፦ "ስንት ያወጣል?" ሳይሆን "ከየትኛው ውሃ ወጣ?"

ሰው የሚመጣው ዋጋ ሊጠይቅ ነው። እኔ መልሼ ውሃውን እጠይቃለሁ። የማን ሕግ እንደሚገዛው የሚታወቀው ከዚያ ነውና።

ከኢትዮጵያ ሐይቅ ወይም ወንዝ የወጣ ከሆነ ነገሩ አጭር ነው። ጣናም ይሁን ዝዋይ ወይም የወሎው ሐይቅ፣ የሚሠራው የራሳችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። እነዚህ ሐይቆች ደሴቶቻቸውና ዳርቻቸው ላይ የጥንት ገዳማት አሉ። ለዘመናት ሰው፣ እህልና ንዋየ ቅድሳት በታንኳ ሲመላለስባቸው ኖሯል። ከሥራቸው ምንም የለም ብሎ መገመት የዋህነት ነው።

ከባሕር ከሆነ ግን ርቀት ይቆጠራል። መለኪያው የባሕር ማይል ነው፤ አንዱ 1,852 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት፣ ከዳርቻው መነሻ መስመር እስከ 12 ማይል ያለው የግዛት ባሕር ይባላል። ወደብና የውስጥ ውሃም የአገሩ ነው። ከዚያ ውስጥ የወጣ ዕቃ የሚዳኘው በዚያ አገር ሕግ ነው። ከጅቡቲ ወደብ አጠገብ የወጣው በጅቡቲ፣ ከምጽዋ የወጣው በኤርትራ። እስከ 24 ማይል ባለው ተያያዥ ቀጠና ውስጥም ስምምነቱ በአንቀጽ 303 ለባለ ዳርቻው አገር ሥልጣን ይሰጠዋል። ያለ ፈቃዱ የጥንት ዕቃ ከወለሉ የሚያነሣ ሰው ሕጉን እንደጣሰ ሊቆጥረው ይችላል።

ከ24 ማይል ወዲያ ጨዋታው ይደበዝዛል። እስከ 200 ማይል የሚደርሰው ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና አለ፤ ባለ ዳርቻው አገር የባሕሩን ሀብት የሚጠቀምበት ክልል ነው። ሕጉ ስለዚያ ዓሣና ነዳጅ ብዙ ይላል። ስለ ቅርስ ግን የ1982ቱ ስምምነት እዚያ ላይ ዝም ብሏል ማለት ይቻላል። ውድ ሀብት ፈላጊዎች ለዓመታት የገቡት በዚያ ቀዳዳ ነው። ከሁሉም አገር ወሰን ውጭ ላለው ጥልቅ የባሕር ወለል ደግሞ አንቀጽ 149 አለ። የጥንት ዕቃ ለሰው ልጅ ሁሉ ጥቅም ይጠበቃል፤ የመነጨበት አገርም ቅድሚያ መብት አለው ይላል።

ቀዳዳውን ለመድፈን የወጣው የዩኔስኮ ስምምነት ነው። ኅዳር 2 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ጸደቀ፤ ሥራ ላይ የዋለው በጥር 2009 እ.ኤ.አ. ነው። በልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ውስጥ ያገኘ ሰው ሪፖርት እንዲያደርግ፣ አገሮችም እንዲነጋገሩ ሥርዓት ዘርግቷል። ከተገኘው ነገር ጋር የተረጋገጠ ትስስር ያለው አገር "እኔም ልማከር" ማለት ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ ልጨምር፣ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከምጽዋ ወጣ ብሎ ብላክ አሳርካ በምትባል ደሴት አጠገብ የሰመጠ የጥንት መርከብ ጭነት ተጠንቷል። ከጭነቱ ውስጥ ሁለት ጆሮ ያላቸው፣ ወደ ታች እየሾጠጡ የሚሄዱ ረጃጅም ማሰሮዎች ነበሩ። አጥኚዎች "አይላ-አክሱም" ይሏቸዋል። አይላ የዛሬዋ የዮርዳኖስ አቃባ ናት። ዓይነቱ አክሱም ላይም በቁፋሮ ተገኝቷል። ታዲያ ታሪኩ የአክሱም ንግድ ስለሆነ ዕቃው የእኛ ነው? አይደለም። ውሃው የኤርትራ ነው። ትስስር የመማከር በር ይከፍታል እንጂ ባለቤት አያደርግም። ይህን ስናገር ፊቱን የሚያጠቁርብኝ ሰው አለ፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው።

ዕቃውን ያመጣውን ሰው እነዚህን ጠይቁና ጻፉ፦ ማን አወጣው? መቼ? በመረብ ተያዘ ወይስ ተጠልቆ ወጣ? ከየትኛው ከተማ አጠገብ? ሌላስ ነበር? ሰውየው ታሪኩን በየአሥር ደቂቃው ከቀየረ ዕቃውን አትቀበሉ።

ሦስተኛ፦ ዕድሜውን ገምቱ፣ ግን አትመኩበት

የዩኔስኮው ስምምነት መስፈርት 100 ዓመት ነው። የሰው ልጅ አሻራ የሆነና ታሪካዊ ወይም ባህላዊ ጠባይ ያለው ነገር፣ በከፊልም ሆነ ሙሉ በሙሉ፣ አልፎ አልፎም ሆነ ሁልጊዜ፣ ቢያንስ 100 ዓመት ውሃ ውስጥ ከቆየ ጥበቃው ያገኘዋል። ታይታኒክ የሰመጠው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። በ2012 መቶውን ደፍኖ ገባ።

ምጽዋን እንውሰድ። በሚያዝያ 1941 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች እንግሊዞች ሲቃረቡባቸው ወደቡን ለመዝጋት ብለው የራሳቸውን መርከቦች በረድፍ አሰመጡ። ብዙዎቹ በጦርነቱ ጊዜ ተነሥተዋል። ወለሉ ላይ የቀረ ካለ መቶውን የሚደፍነው በ2041 ነው። "ታዲያ እስከዚያ ነፃ ነው" የሚል ደላላ አይጠፋም። አይደለም። መቶ ዓመት የአንድ ስምምነት መስፈርት ብቻ ነው። የባለ ዳርቻው አገር ሕግ አለ። የጦር መርከብ ደግሞ ስለሰመጠ ብቻ የባለ ሰንደቁ መንግሥት፣ ማለትም ባንዲራውን ያውለበልብለት የነበረው አገር፣ ንብረት መሆኑ አይቀርም። ብዙ ጊዜም የሰው አፅም አለበት፤ ይህን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

የእኛ አዋጅም በመቶ ዓመት ቆጠራ አይሄድም። የሚያየው ሳይንሳዊ፣ ታሪካዊ፣ ባህላዊና ኪነ ጥበባዊ ዋጋውን ነው።

አራተኛ፦ "ያገኘ ይወስዳል" የሚለውን እርሱት

ይህ አባባል ባዶ አይደለም፣ መነሻ አለው። በባሕር ሕግ በአደጋ ላይ ያለ መርከብን ወይም ጭነትን ያዳነ ሰው ክፍያ ያገኛል። ወደብ በነበረን ዘመን የወጣው የ1952 ዓ.ም. የባሕር ሕጋችንም ስለ መርከብ፣ ስለ ጭነትና ስለ ባሕር ላይ አደጋ የሚደነግግ ነው። ግን አስቡት። የማዳን ክፍያ የተፈጠረው ማዕበል ውስጥ ገብቶ ነፍስና ንብረት ለሚያተርፍ ሰው ነው። ለአምስት መቶ ዓመት ደለል ውስጥ ተኝቶ የቆየ ማሰሮ ምን አደጋ ላይ ነው? አደጋው እንዲያውም የሚጀምረው ስናወጣው ነው።

የ2001ዱ ስምምነት በአንቀጽ 4 ይህን መንገድ ዘግቶታል ማለት ይቻላል። የሚመለከታቸው ባለሥልጣናት ካልፈቀዱ፣ ከስምምነቱ ጋር ካልተጣጣመና ዕቃው ከፍተኛ ጥበቃ ካላገኘ በቀር የማዳን ሕግ አይሠራም። በተጨማሪም ቅርሱን ባለበት መጠበቅ የመጀመሪያው አማራጭ ነው፤ ለንግድ ማዋል ክልክል ነው።

ለማይሰማ ደላላ የምነግረው አንድ ታሪክ አለ። ኑዌስትራ ሴኞራ ደ ላስ መርሴደስ የተባለች የስፔን የጦር መርከብ በ1804 እ.ኤ.አ. በውጊያ ሰመጠች። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በ2007 ጭነቷን አገኘ። 17 ቶን ያህል ሳንቲም፣ አብዛኛው ብር፣ አውጥቶ በአውሮፕላን ፍሎሪዳ አስገባ። ስፔን ከሰሰች። በአሜሪካ ፍርድ ቤት፣ በአሜሪካ ኩባንያ ላይ፣ ስፔን ረታች። በ2012 ሳንቲሙ ሁሉ ወደ ማድሪድ ተጫነ። ለፍለጋው የወጣው ገንዘብ በአውጪው ላይ ቀረ። ያ ሁሉ መርከብና ጠበቃ ያለው ኩባንያ ያልቻለውን፣ አንድ ማሰሮ በፌስታል የያዘ ሰው ቸርችል ላይ ይችለዋል?

አምስተኛ፦ ወረቀቱን ያዙ

አዋጁን ከቴሌግራም ቻናል አንብባችሁ አትከራከሩ። አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሂዱና ነጋሪት ጋዜጣውን ጠይቁ። ቁጥር 209/1992 ብላችሁ፤ ከእሱም ጋር ቅርስን በብሔራዊና በክልል ደረጃ የሚመድበውን ቁጥር 839/2006። "ከዚህ በኋላ የወጣ ማሻሻያ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። አዋጅ ይሻሻላል፤ አሮጌ ቅጂ ይዞ ቢሮ መግባት ያሳፍራል። በጥልቀት ማንበብ የሚፈልግ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሕግ ቤተ መጻሕፍትም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አለለት።

የስምምነቶቹን አባል አገሮች ዝርዝር ደግሞ ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት ድረ ገጽ በዚያው ቀን አትሙ። መፈረም አንድ ነገር ነው፣ ማጽደቅ ሌላ። ዕቃው የወጣበትን አገርም የእኛንም ስም በሁለቱም ዝርዝር ፈልጉ።

ለጀማሪ ጠበቆች አንድ ነገር ልጠቁም። የ2001ዱን ስምምነት ስታነቡ አንቀጽ 28ን አትዝለሉ። አንድ አገር ሲቀላቀል ወይም ከዚያ በኋላ፣ የስምምነቱ አባሪ ደንቦች ባሕር ላልሆኑ የውስጥ ውሃዎችም ይሠሩልኝ ብሎ ማስታወቅ ይችላል። ደንቦቹ 36 ናቸው፤ እንዴት ይጠና፣ እንዴት ይመዝገብ፣ እንዴት ይጠበቅ የሚሉ። ወደብ አልባ ለሆነ፣ ግን ጣናን ለያዘ አገር ከዚህ የተሻለ በር የለም ብዬ አምናለሁ። ስለ ባሕር በር ሌት ተቀን የምንከራከር ሰዎች ስለዚህች አንቀጽ አንድ ቀን እንኳ ስንጨቃጨቅ አለመስማቴ ይገርመኛል።

ስድስተኛ፦ መርከበኛ ልጅ ላላችሁ

ከባሕር ዳር ከተማና ከቢሾፍቱው ባቦጋያ በመርከበኝነት ሠልጥነው የሚወጡ ልጆች በዓለም መርከቦች ላይ ይሠራሉ። መርከቡ የሚያውለበልበው ሰንደቅ ዓላማ ሕግ ተሳፋሪውን ሠራተኛ ይከተለዋል። ወደብ ሲደርስ ደግሞ የወደቡ ሕግ ይጨመራል። መልሕቅ ሲነሣ የጥንት ነገር ተጎትቶ ቢወጣ ልጁ ማድረግ ያለበት ለካፒቴኑ ነግሮ፣ ቦታውና ሰዓቱ በመርከቡ መዝገብ እንዲሰፍር መጠየቅ ነው። ሻንጣ ውስጥ መክተት አይደለም። ቦሌ ጉምሩክ ቢያልፍ እንኳ የተነሣበት አገር ሊጠይቅበት ይችላል። እ.ኤ.አ. የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት፣ ኢትዮጵያም ያለችበት፣ የተሰረቀ ቅርስ በዲፕሎማሲ መንገድ እንዲመለስ ይደነግጋል። እኛው በተዘረፈው ቅርሳችን ስንት ዓመት የምንጮህ ሕዝብ ነን።

ሰባተኛ፦ ደብዳቤው

አሁን ወደ አምስት ኪሎ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ብሔራዊ ሙዚየሙ አካባቢ ነው። ዕቃውን ይዛችሁ አትሂዱ። ባልዲ ይዞ ታክሲ ውስጥ መንገላታት ለእሱም ለእናንተም አይበጅም። ደብዳቤና ፎቶ ይበቃል። ዕቃውን ከገዛችሁት ወይም አመጣጡ ካላማራችሁ ግን ከደብዳቤው በፊት ጠበቃ አማክሩ።

የምትጠቅሱት የአዋጅ ቁጥር 209/1992 አንቀጽ 41 ነው፤ በድንገት ስለተገኘ ቅርስ። በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ፣ በማዕድን ፍለጋ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ፣ እስኪረከበውም ድረስ ሳይነካካ እንዲጠብቅ ያዛል። መረብ ውስጥ የገባ ማሰሮም አጋጣሚ ነው። ቅርስ ፍለጋ ብሎ መጥለቅ ግን አጋጣሚ አይደለም፤ ፈቃድ ይጠይቃል። ግዴታው በቀጥታ ያረፈው አግኚው ላይ ስለሆነ፣ ከተቻለ አግኚውን ይዛችሁ ሂዱ፤ አብሮ ይፈርም።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። እንዲህ ጻፉት፦

"ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ አዲስ አበባ። ጉዳዩ፦ በድንገት የተገኘ ቅርስ ስለማስታወቅ። በቀን … በ… ሐይቅ፣ … በተባለ ቦታ፣ ዓሣ በማስገር ላይ ሳለ በመረብ የወጣ አንድ … ተገኝቷል። ቁመቱ … ሳንቲ ሜትር ነው። አልታጠበም፤ በውሃ ውስጥ ተቀምጧል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 አንቀጽ 41 መሠረት እያስታወቅሁ፣ ባለሙያ ተልኮ እንዲመለከተውና እንዲረከበኝ እጠይቃለሁ። … ገጽ ፎቶ አያይዣለሁ።"

ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። ከባሕር የመጣ ከሆነ የተገኘበትን አገርና ከባሕሩ ዳርቻ ያለውን ርቀት በግልጽ አስፍሩ። ዋጋ ግን አትገምቱ። "ሚሊዮን ያወጣል" የሚል ደብዳቤ የሚያነበውን ሰው ያስጠረጥራል።

በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። መዝገብ ቤት ገብታችሁ አንዱን ስጡ፤ በቀሪው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱ። "ተዉት፣ እኛ እናደርሳለን" ቢሏችሁም ያለ ማኅተም አትውጡ። እኔ አንድ ጊዜ አንድ ቢሮ ውስጥ በትሕትና ብዛት ያለ ማኅተም ወጥቼ፣ ከሁለት ወር በኋላ "ምን ደብዳቤ?" ተብያለሁ። ቁጥሯ ካለች መዝገቡ ይገለጣል፣ ሰውም ይላካል።

ባለሙያ ሲመጣ ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን። ዕቃው ምን እንደሆነ፣ በምን ሁኔታ እንዳለ፣ ማን እንደተረከበ ይስፈር። አንቀጽ 41 በድንገት ያገኘውን ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው ይላል። ለመጠበቅ ያወጣው ወጪም ይተካለታል። የባልዲውንና የትራንስፖርቱን ደረሰኝ ያዙ። ሽልማቱ ደላላው ከጠራላችሁ ዋጋ ጋር አይወዳደር ይሆናል። ግን ማታ እንቅልፍ ይወስዳችኋል፤ ደላላው ይህን አይሸጥም።

ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ ለክልሉ መንግሥት ኃላፊ ሁኔታውን ዘርዝራችሁ በጽሑፍ በማስታወቅ ከኃላፊነቱ መውጣት ትችላላችሁ። ስለዚህ ማኅተሙ ከተመታበት ቀን ስድስት ወር ቆጥራችሁ ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ ሙሉ። ጳጉሜን መሐል ከገባች እሷንም አትርሷት። እስከዚያው የባልዲው ውሃ እየቀነሰ እንደሆነ በየሳምንቱ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ።